የእትዬ መሪማ የፖስታ ሳጥን

እትዬ መሪማ ውሸት አይወዱም። ይህን ሁሉም ሰው ስለ ራሱ ይላል፤ እሳቸውን ግን ጣጣ ውስጥ ይከታቸዋል። በሚሠሩበት ሆቴል አንድ ቀን እግራቸውን አሟቸው አንዱን አልጋ በቅጡ ሳያነጥፉ ወጡ። ማንም አላያቸውም። የሥራ ሰዓታቸው ሲያልቅ ራሳቸው ሱፐርቫይዘሯ ጋ ሄደው «አሥራ ሦስት ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሥራ አራተኛው ግን ነካ ነካ ነው ያደረግሁት» አሏት። ዋርኒንግ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ተሰጣቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ደኅና እንቅልፍ ተኙ።

እኔ ዋለልኝ እባላለሁ። የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከቤታቸው ፊት ለፊት ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሳቸው የደሴ ሰው ናቸው፤ ስልሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልወለዱም፤ የወንድማቸውን ልጅ ቡርሃንን ግን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ አሳድገዋል። አሁን ቡርሃን የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፣ ለመጋዘን ትራክ ይነዳል። ባላቸው ጋሽ ጀማል ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ። ቤቱን የገዙ ዓመት ጋሽ ጀማል መንገዱ ዳር የፖስታ ሳጥን በእጃቸው ተክለው ነበር፤ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «መሪማ» ብለው በአማርኛ ጻፉበት። ፖስተኛው እኮ አማርኛ አያነብም ስንላቸው «እሷ ታነባለች» ይሉን ነበር።

ያንን ሳጥን ነው የሰበርኩት።

ጥር ማለቂያ ላይ ነው። ቬጋስ አይበርድም የሚል ሰው በጥር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና አስነስቶ አያውቅም። የኋላው መስታወት በረዶ ጋግሯል። ልፈቅፍቀው ይገባኝ ነበር፤ አረፈድኩ ብዬ የፊቱን ብቻ እንደ ነገሩ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ወደ ኋላ ነዳሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና መንገዱን ተሻግሬ ጓ! አለ። ስወርድ እንጨቱ ከሥሩ ተገንጥሏል፤ ሳጥኑ ተጨራምቶ ጠጠሩ ላይ ወድቋል። የእትዬ መሪማ መስኮት ጨለማ ነው። የበራቸውን ካሜራ ድመት ባለፈ ቁጥር ይጮሃል ብለው ከነቀሉት ቆይተዋል። ስመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በእውነት ልነግራቸው አስቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነጠላቸውን ተከናንበው የወደቀው ሳጥን አጠገብ ቆመዋል። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«አየኸው ቡርሃን የሠራኝን? ማታ እራት በልቶ ሲወጣ በዚያ ትራኩ ገጭቶት ሄዷል። ደውዬ ብጠይቀው ‹ወላሂ አልነካሁም› አለኝ። መስበሩንስ ይስበር፤ የሰው እጅ ይሰብራል። በአላህ ስም ግን ይዋሽብኛል? እውነቱን እስኪነግረኝ ደጄን አይረግጥም ብዬዋለሁ።»

ያኔ ነበር መናገር። ሦስት ቃል ነው፦ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ዝም በማለት ብቻ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ከአፌ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«አይዞዎት እትዬ፣ እኔ አዲስ እተክልልዎታለሁ።»

ቅዳሜ ሳጥኑንና እንጨቱን ገዝቼ ጀመርኩ። የዚህ አገር አፈር ለስሙ ነው አፈር፤ አንድ ስንዝር ከወረዱ በኋላ ነጭ ድንጋይ ነው። በዲጂኖ ስወቅረው ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ደስም አለኝ፤ ይበለኝ አልኩ። ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ እንዲደርስበት ቁመቱን ለክቼ፣ ኮንክሪቱን ሞልቼ፣ ሳይደርቅ ብርዱ እንዳያበላሸው በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። የቤቱ ቁጥር በብርዱ አልጣበቅ ቢለኝ በትንፋሼ እያሞቅሁ ለጠፍኩት። በመጨረሻ ነጭ ቀለም ይዤ «መሪማ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ መሪማ ትክ ብለው አዩት።

«የጀማል ‹መ› ሰፋ ያለች ነበረች» አሉ። ከዚያ ይህን በማለታቸው አፈሩና እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር።

የወሎ ምርቃት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ቶሎ አያልቅም።

«እጅህ አይሰበር።»

«አሜን።»

«ልጆችህ ይባረኩልህ፤ ደጅህ በሰላም ይዋል፤ ያሰብከው ይሙላ።»

«አሜን፣ አሜን።»

«አላህ ከሐሰተኛ ሰው ይጠብቅህ።»

እዚህ ላይ የቀለሙን ቆርቆሮ መክደን ጀመርኩ። እሳቸው ግን አሜን እስክል እጃቸውን አላጠፉም። አሜን አልኩ።

አሮጌውን ሳጥን ማየት አልችልም፣ ጣልልኝ አሉኝ። ይዤው ተሻገርኩና ጋራዤ ውስጥ ከጎማ ኋላ ደበቅሁት። ከጎኑ የመኪናዬ ቀይ ቀለም ተላግቶበታል። የቡርሃን ትራክ ነጭ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ያ አዲስ ሳጥን ፊት ለፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። እትዬ መሪማም ባገኙኝ ቁጥር ለሰው ሁሉ «ጎረቤት እንዲህ ነው» እያሉ ያሳዩኛል። ሰውዬ፣ ስድብ እንኳ እንደዚያ አይለበልብም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቡርሃን ቤቴ መጣ። ከስቷል።

«ጋሽ ዋለልኝ፣ አክስቴ ስልኬን ብሎክ አድርጋለች። ሥራዋ ድረስ ሄጄ አላናግርም አለችኝ። እርስዎን ግን በጣም ነው የምታከብረው። ፕሊስ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ምን ብዬ ላስታርቃችሁ?» አልኩት፤ ዓይኑን ሳላይ።

«እኔ ነኝ እላታለሁ። በውሸት ነው የማልኩት፣ ይቅር በይኝ እላለሁ። አላህ ልቤን ያውቃል። ረመዳን እኮ ደረሰ ጋሼ፤ ብቻዋን ልታፈጥር ነው? ባልሠራሁት ሐሰተኛ ብባል ይሻለኛል።»

ሰው እንዲህ እያለ፣ እንዲህ ፊቴ ቆሞ፣ አሁንም አልነገርኩትም። «እሺ፣ እሑድ እንሄዳለን» አልኩት። በሕይወቴ ካልኳቸው እሺዎች ሁሉ እንደዚያ የሚያሳፍረኝ የለም።

እሑድ አስር ሰዓት ላይ ከእትዬ መሪማ ሳሎን ገባን። እኔ እንደ ሽማግሌ ከላይ፣ ሶፋው ላይ እንድቀመጥ ተደረገ። ቡርሃን በር ላይ ጫማውን አውልቆ መጣና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ፊታቸውን አዞሩ፤ እጃቸው ግን ሳያውቁት ትከሻው ላይ አርፏል።

«እቴቴ» አላቸው፣ «ያን ቀን ወላሂ ያልኩሽ...»

«ተው!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ሁለቱም ደነገጡ። «ተው ቡርሃን። እኔ ነኝ እትዬ። ሳጥኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የኋላ መስታወቴን በረዶ ሸፍኖት አላየሁም። እሱ የማለው እውነቱን ነው።»

ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ከጎማው ኋላ ሳጥኑን አወጣሁና አምጥቼ ቀዩ ቀለም ወደ እሳቸው እንዲሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሰጡኝ ሶፋ ላይ ተመልሼ አልተቀመጥኩም።

እትዬ መሪማ መጀመሪያ የጋሽ ጀማልን ጽሕፈት በጣታቸው ነኩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሜን ስትለኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

የቡርሃንን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ልጄን፣ ወላሂውን ሳላምነው» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እሱም «በቃ እቴቴ፣ በቃ» ይላቸዋል። እኔ ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ልል ስጀምር እጃቸውን አነሡብኝ።

«እንደ ወጉ ነው የሚሆነው። መታረቅ ከፈለግህ ሽማግሌ ይዘህ ና። አሁን ግን ሂድልኝ።»

ሄድኩ። ሦስት ቀን ማንን እንደምልክ ሳሰላስል ቆየሁ። አንዱን ሳስበው ነገሩን ከሥሩ ልነግረው ነው፤ ሌላውን ሳስበው ነገ ከተማው ይሰማዋል። እያደር ሳስበው ደግሞ እትዬ መሪማ እንቢ የማይሉት ሰው አንድ ብቻ ነው። አራተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

«ቡርሃን፣ እባክህ» አልኩት፣ «ነገሬን ሁሉ ታውቃለህ። አንተው ሽማግሌ ሁነኝና ከአክስትህ አስታርቀኝ።»

የትራኩ ሞተር ይሰማኛል። ወደ ዳር አውጥቶ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ።

«እሺ ጋሽ ዋለልኝ፣ እሄድልዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ ጨመረ፦ «ግን እኔና እርስዎ መቼ ታረቅን?»