ጋሽ አስራት፦ ከደካ አስተዳዳሪነት እስከ እድራችን ወንበር

ጋሽ አስራት ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በደካም፣ በዋጫም፣ በሺሺንዳም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ ጎረቤታቸው የነበርኩት የኮረሪማ ነጋዴ ነኝ። የሰጡትን ሌላው ይጻፍ፤ እኔ ያስወጡኝን ልናገር፦ ከሃያ ዓመት በላይ ቅናትና አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ። ቅናቱን በገዛ ፈቃዴ ነው ያወጣሁት፤ እሳቸው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሥራ የጀመሩት ደካ ላይ በመምህርነት ነው። ኢሕአዴግ ገብቶ የተማረና የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖ የሚናገር ሰው ሲፈለግ፣ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው የወረዳ አስተዳዳሪ ሆኑ። ከደካ ወደ ዋጫ፣ ከዋጫ ቦንጋ ወዳለው የዞኑ መሥሪያ ቤት ተሾሙ። እኔ በዚያው ጊዜ ከአንድ ሚዛን ወደ ሁለት ሚዛን አደግሁ።

ዋጫ ሳሉ ሁለት ወንድማማቾች በጫካ ቡና ድንበር ተጣልተው ፋይላቸው ሲመላለስ ከረመ። ቡና ልገዛ ሄጄ ቢሯቸው ተቀምጬ ነበር። ፋይሉን ዘጉና «ቦታው የት ነው?» አሉ። መኪና አይገባም ሲሏቸው በእግራቸው ወጡ። «ከመኪና መስኮት የሚታየው መንገዱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ወንድማማቾቹን ድንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከአንድ ገበታ ምሳ አብልተው፣ አስታርቀው ማታ ሲመለሱ ዋጫ በሙሉ እሳቸውን ያወራል። እኔ ቡናዬን ጭኜ ወጣሁ፤ «ደህና ግባ» ያለኝም የለም።

የጫማው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ክረምት ከሺሺንዳ ስመለስ በመኪናቸው አሳፈሩኝ። ቦንጋ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው የሚጣደፉ ሰዎች አገኘን። ጋሽ አስራት ወዲያው ወረዱ። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

«ውረድ እንጂ፤ አታያትም?»

«ጋሼ፣ ጥግ ይዤ ብጠጋስ?»

«እናቷና ባሏ ጭንህ ላይ ይቀመጡ?»

ወረድኩ። ጫማዬን ጭቃው በላው። ሰው እስከ ዛሬ «ጋሽ አስራት መኪናቸውን ለወላድ ሰጥተው በጭቃ ገቡ» ይላል። አብሯቸው በጭቃ ስለገባው ሁለተኛ ሰው ያነሣ አላጋጠመኝም።

ኋላ በአንድ ግምገማ «የአመለካከት ችግር አለባቸው» ተባሉና ከሹመታቸው ተነሡ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በዚያ ሳምንት እንዳቀፍኳቸው አቅፌያቸው አላውቅም። «አሁን እኩል ሆንን» አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ከጓሯቸው ንብ ቀፎ ጋር ተስማምተው ተቀመጡ፤ ባለጉዳይም ወደ ቢሮው መሄዱን ትቶ ወደ ጓሯቸው መጣ።

እኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእድራችንን ዳኝነት። ቦንጋ ጆንያ ተሸክሜ የመጣሁ የሌላ አገር ሰው ነኝ። በዚያ ወንበር የተቀመጠን ሰው ግን ከየት መጣህ የሚለው የለም። የቀድሞው ዳኛ በእርጅና ሲለቁ አባላቱ እኔን ሊመርጡ መነጋገራቸውን ሰምቼአለሁ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሊመረጥ ያለው ሰው አስቀድሞ «ከእኔ እገሌ ይሻላል» ይላል፣ እገሌም «አልችልም» ይላል፣ ነገሩ ወደ መጀመሪያው ሰው ይመለሳል። እኔም ተነሥቼ «ከእኔ ይልቅ ጋሽ አስራት ይሻላሉ» አልኩ።

«አመሰግናለሁ፤ አልችልም» አሉ።

እዚህ ድረስ ደህና ነበር። እትዬ ዘነበች ከኋላ «ድሮስ፣ የሚችል ሰው እችላለሁ ይላል እንዴ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ አስራት ሁለተኛ እምቢ ሲሉ ጭብጨባው ባሰ። ሦስተኛ እምቢ ሲሉ ቤቱ በሙሉ ቆመ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እምቢ ያልኩት ከልቤ ነበር፤ አንተ የጠቆምከኝ ከልብህ አልነበረም። ሰዉ ሁለታችንንም አልሰማንም» አሉኝ። ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም።

በዳኝነታቸው ከለቅሶ የቀረን አባል ከመቅጣታቸው በፊት ቤቱ ሄደው «ምን ሆነህ ቀረህ?» ይሉት ነበር። አንዱ ታሞ፣ አንዷ የምትለብሰው አጥታ ያገኟቸዋል። ያን ማድረግ እኔንም አይከብደኝም ነበር። ብቻ አላሰብኩትም።

ጋሽ አስራት፣ በቀብርዎ ዕለት የደካ ሰዎች አውቶቡሱ አልበቃቸው ብሎ በጭነት መኪና ቆመው መጡ። እዚያም ቆሜ ቀናሁብዎ። በተከታዩ እሁድ እድሩ ተሰብስቦ እኔን ጠቆመኝ። አንዴ ብቻ እምቢ አልኩ፤ ብደግመው እንዳያምኑኝ ፈራሁ። አሁን ተቀምጫለሁ። ሰዎቹ ጉዳያቸውን ነግረውኝ ሲጨርሱ «ጋሽ አስራት ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?» ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ተስማምተው ይሄዳሉ። ካሉበት ሆነው አይዘኑብኝ፤ በሰላም ይረፉ። ወንበሩ የእኔ ነው። ሰዉ የእርስዎ ነው።