የአናጺው እሺታ

የአየርላንዷ የኮርክ ከተማ ሰው «አይሆንም» ከሚል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል ትላለች ኖሪን። ዕድሜ ልኳን ስታማርር የኖረችውም በዚሁ ነው። የምትሠራበት ድርጅት ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሙያ ተማሪዎችን ተቀብሎ በየጋራዡ፣ በየዳቦ ቤቱና በየአናጺ ቤቱ የሥራ ልምምድ ቦታ ይፈልግላቸዋል። ትደውላለች፤ ባለቤቱ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ የእናቷን ጤና ይጠይቃል፣ በመጨረሻ «እስቲ እናያለን» ይላል። «እናያለን» ማለት የለም ማለት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። «ችግር የለውም፣ ላኪው» ከተባለች ግን አዎ ማለት ነው። አለዚያማ ይህን ሥራ ምን ብላ ትሠራዋለች?

አናጺው ፊንባር ያላት «ችግር የለውም፣ ላኪያት» ነበር። ሲናገር ድምፁ ትንሽ ላላ ማለቱን፣ አልዋሽም፣ ሰምታለች። ግን ያን ሳምንት ሁለት ባለ ጋራዦች ቃላቸውን አጥፈውባት፣ አለቃዋ ኮልም ደግሞ በር ላይ ብቅ እያለ «ጀርመኗስ? ለጀርመኗስ ምን አገኘሽ?» በማለት ቁም ስቅሏን ሲያሳያት ስለነበር፣ እንዳልሰማች ሆና አለፈችው።

ሰኞ ጠዋት ጀርመኗን ፍራውኬን በመኪናዋ ይዛት ሄደች። ልጅቷ የአናጺነት ተማሪ ናት፤ አዲስ የሥራ ጫማ አድርጋ፣ የራሷን መሮዎች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ይህን ልምምድ ካልጨረሰች ትምህርት ቤቷ ዓመቱን አይቆጥርላትም።

የፊንባር ወርክሾፕ ከተማው ዳር ነው። እሱ ግን «መጀመሪያ ቤት ኑ፣ ሻይ ትጠጣላችሁ» ብሏቸው ስለነበር ወደ ቤቱ ሄዱ። ሚስቱ ፔግ ሻይ ቀዳች፣ ትኩስ ዳቦ በቅቤ አቀረበች።

«ጉዞው እንዴት ነበር፣ የኔ ልጅ?» አላት ፊንባር።

«ደህና ነበር። ሥራ የምንጀምረው መቼ ነው?»

«ምን ያስቸኩልሻል! ሻይሽን ጠጪ እንጂ።»

ሁለተኛ ሻይ ተቀዳ። ፊንባር ገናን የመሰለውን ያገሩን የሃርሊንግ ጨዋታ፣ የእሁዱን ግጥሚያ አነሣ፣ ዳኛውን እንደ ጉድ ረገመ። ከዚያ የጎረቤቱ ላም አጥሩን እንዴት እንደጣሰች ከነዝርዝሩ ተረከ። ሦስተኛው ሻይ ሲመጣ የኖሪን ደም ፈላ።

«ፊንባር፣ በፈጠረህ፣ ልጅቷን ወርክሾፑ ውሰዳት!»

«እናያለን፣ እናያለን። ቁልፉን የት እንዳደረግሁት እንጃ...»

ኖሪን ክው አለች። በምን መንገድ አፉን እንደምታስከፍተው ስታሰላስል ፍራውኬ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለእኔ ሥራ አለ ወይስ የለም?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ ቤት ተጠይቆ አያውቅም። ፊንባር ሚስቱን አየ፣ ኖሪንን አየ፣ መስኮቱን አየ። መውጫ ቀዳዳ ጠፋው።

«የለም» አለ።

«የለም?» ኖሪን ከወንበሯ ተነሣች። «ላኪያት ያልከኝ ማነው ታዲያ? የሙት መንፈስ ነው?»

«ምን ልበልሽ ኖሪንዬ? እንደዚያ ስትለማመጪኝ እንዴት እምቢ ልበልሽ? ማሽኖቹን ሸጫቸዋለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስኮት እንኳ አልሠራሁም።»

ፔግ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ በየጠዋቱ ምሳህን እየቋጠርኩልህ የምትሄደው የት ነው?»

«እዚያው። እቀመጣለሁ።»

«ባዶ ቤት?»

«ልነግርሽ ነበር ፔግዬ። ዛሬ ነገ ስል...»

ፔግ አልጮኸችም። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው፤ እሱም እንደ ልጅ አለቀሰ። ኖሪን ያሰናዳችውን ስድብ ሁሉ መዋጥ ግድ ሆነባት። ሰው እንዲህ እያለቀሰ ማን ይሳደባል? ይህም ራሱ አናደዳት። ስለ ሻዩ አመስግና ልጅቷን ይዛ ወጣች።

መኪና ውስጥ ፍራውኬ መሮዎቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወደ ኖሪን ዞራ ጠየቀች።

«ሌላ አናጺ ቤት ያገኙልኛል?»

«ችግር የለውም፣ የኔ ቆንጆ» የሚለው መልስ ኖሪን ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስንቱን እናት አረጋግታበታለች፣ ስንቱን አስተማሪ ሸኝታበታለች። ከዚያ ዘወር ብላ የልጅቷን ፊት አየች።

«አላውቅም» አለች። «በዚህ ወር ልጠይቀው የምችል አናጺ አልቀረኝም። ላላገኝልሽ እችላለሁ።»

የፍራውኬ ዐይን እንባ አቀረረ። ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ። እንግዲያው ለአስተማሪዬ ዛሬውኑ ልንገረው፤ ምናልባት እዚያው አገሬ ቦታ ይፈልግልኝ ይሆናል።»

«ደውዪና ስጪኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሰውየው ስልኩን ሲያነሣ ኖሪን ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ «ለፍራውኬ ቦታ የለንም» አለችው፤ ሲጮህባትም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።