የዓርብ ጥንቅሽ

ባለፈው ኅዳር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ከሚሴ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ገና ከመቆሙ አንዲት ልጅ እግር ሻጭ አንድ እስር ጥንቅሽ በመስኮቱ አስገብታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ደንግጬ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«ጋሼ፣ ጥንቅሽ እኮ ነው፤ እባብ መሰለዎት እንዴ?»

ቀኑ ዓርብ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳው? ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከማሽላ አገዳ ሲሸሽ ማየት መቼም ያስቃል።

ጥንቅሽ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዘር ነው። ቅርፊቱን በጥርስ ልጠው፣ አኝከው፣ ጭማቂውን ውጠው ገለባውን መትፋት ነው። የእኛ አገር ሰው በኅዳር መንገድ ሲሄድ አፉ ሥራ አይፈታም። ቆላው ሁሉ በማሽላ ይሸፈናል፤ አገዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ጠዋት ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው አየር ጥሩ ጥሩ ይሸታል። እጅ ሳያስበው ይዘረጋል፣ አፍም ሳያስበው ያኝካል። ጉዴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዲያቆን ነኝ። ከከሚሴ በላይ፣ ተረተሩ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ምእመኖቿ ጥቂት ናቸው፤ አገልጋዮቿማ ከዚያም ያነሱ። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ቅዳሴ የለም፤ ዲያቆኖቹ ደግሞ ልክ ሦስት ነበርን። አንዳችን ከጎደልን ሕዝቡ ተሳልሞ ይመለሳል። ቀዳሽ ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ይህን ሕግ ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

እናቴ ጠዋት ጠዋት አንገቴ ላይ ያሰረችውን ማተብ እየነካች «ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ ከፈተና ይሰውርህ» ትለኝ ነበር። እኔም አሜን እላለሁ። ፈተና ሲባል የሚታየኝ ዘንዶ ነበር፣ ወይም ጠንቋይ፣ አንዳንዴም፣ ምን ልደብቅ፣ ቆንጆ ሴት። ጥንቅሽ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ሐሙስ ማታ ቄሳችን መምሬ ወልዴ ጠሩኝ። «ነገ አደራህን እንዳትቀር። የዘነቡ ልጅ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና ትነሣለች። ዘነቡ ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ይቺም ከስታባታለች» አሉኝ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ረፋዱ ላይ ዜማዬን እያንጎራጎርኩ ወጣሁ። በመንገዴ ላይ የአያ ሰይድ ማሽላ አለ። አያ ሰይድ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ «ጥንቅሼ ላንተ ደጁ ክፍት ነው» ካሉኝ ዓመት አልፏል። መቼ እንደሰበርኩ አላውቅም። ዜማውን በአፌ ይዤ፣ ጥንቅሹንም በአፌ ይዤ እሄዳለሁ። የሁለተኛውን አንጓ ጭማቂ ስውጥ ከበላዬ ድምፅ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ዲያቆን!»

ቀና ስል አያ ሰይድ ማማው ላይ ወንጭፋቸውን ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ።

«አንተ፣ ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው! ጾም አይደለህም እንዴ? ልትቀድስ አይደል የምትሄደው?»

አፌ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ወዲያው መረረኝ። ተፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ የወረደው ወርዷል።

«አያ ሰይድ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለማንም እንዳይናገሩ።»

«እኔ ለማን እነግራለሁ? ቤተ ክስያን ገብቼ ነው?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ የምፈራልህ ወሬውን አይደለም። ወላሂ፣ ዋሽተህ እንዳትገባ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት እግሬ ይወቀው። ምንጩ ጋ ደርሼ አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። ውስጤ አንድ ነገር በለሆሳስ ያወራኛል፦ «ገለባውን ተፍተኸዋል። ጭማቂ ደግሞ ምግብ ነው? ያየህ አንድ ሰው ነው፣ እሱም አይናገርም። ብትቀር ያቺ ሕፃን ትሞታለች፤ እንዲያውም ብትገባ ጽድቅ ነው።» በጣም ያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነበር፤ እውነት ይመስላልና። ልጅ ሆነን፣ ሳይነጻ መቅደስ ገብቶ አንደበቱ ስለተዘጋ ዲያቆን ነግረውናል። እስከ ዕድሜው መጨረሻ በእጁ እያመለከተ ውሃ ይለምን ነበር ይባላል።

ግቢው በር ላይ ዘነቡ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። «መጣህልኝ? ቀረብኝ ብዬ ሞቼልህ ነበር! ሚካኤል ይጠብቅህ።» ሕፃኗ እንደ ሌላ ሕፃን አታለቅስም፤ ትንሽ ትንሽ ታቃስታለች።

ልብሰ ተክህኖውን ለበስኩ። መቅደሱ በር ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ተሥሏል። ስንት ዓመት በእሱ ተጠለልኩ፣ የዚያን ቀን ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ጠባቂዬን ፈራሁት። ደወል ተደወለ። ግንቡን ይዤ ቆምኩ።

«ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ!» አሉ መምሬ ወልዴ። ቁጡ ሰው ናቸው፤ መቋሚያቸው ስንት ጊዜ ትከሻዬ ላይ አርፏል።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ። ቀምሻለሁ።»

መቋሚያውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ልብሱን ከላዬ ላይ ቀስ ብለው አወለቁት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ወጥተው፣ «ዛሬ ቅዳሴ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ክርስትናው ለእሑድ ተላልፏል» አሉ። ለዘነቡም «ልጅቷ ከባሰባት በማንኛውም ሰዓት ጥሪኝ» አሏት። ዘነቡ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

ያን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ቅዳሜ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የመርዶ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም፤ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ሕፃኗ በትኩሳት ቀልታለች። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ፣ «ትናንት ቅዳሴውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥንቅሽ በልቼ ነው» አልኳት።

«ጥንቅሽ?»

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄን!» አለችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «እኔ ደግሞ መምሬን ነው ስረግም ያደርኩት!» የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ልጇን ደረቴ ላይ አኖረቻት። «ያዝ። ሁለት ቀን አልተኛሁም። እስከ ማታ አንተ ጠብቃት። ትንፋሿ ከቆመ ቀስቅሰኝ።»

እሷ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ያቺን ትኩስ ነገር ታቅፌ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ትተነፍስና ትቆያለች። በቆየች ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ያን ያህል የጸለይኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ለራሴ ግን አንድ ቃል አልለመንኩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንባሯን ላብ አላበው። ትኩሳቱ በረድ አለ።

እሑድ ጠዋት መምሬ ወልዴ ልብሱን ዘረጉልኝ። እኔ ግን የመቅደሱን በር እያየሁ ወደ ኋላ አልኩ።

«ፈርተሃል?»

«በጣም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አሁን ግባ» አሉ።

ሕፃኗ ተጠመቀች። ቅዱስ ደሙን በእርፈ መስቀል ማንኪያ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ፊቷን አጨማዳ ዋጠችው፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እሪ ብላ አለቀሰች፤ ዘነቡም አብራት።

ሰኞ በማሽላው በኩል ሳልፍ አያ ሰይድ ከማማው ሆነው «ነገርካቸው?» አሉኝ። «ነገርኳቸው» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ ወፎቻቸው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ጥንቅሹ እስኪያልቅ ድረስ ዓርብ ዓርብ በሥራቸው ሳልፍ ከላይ «እህ፣ እህ» ብለው ጎላ አድርገው ይስላሉ። ሌላ ነገር አይሉኝም፤ እኔም እጄን እሰበስባለሁ።

አሁን እሳቸውም መምሬም የሉም። በሕይወቴ ከጥንቅሽ የከበደ ብዙ ፈተና አገኘኝ። በአንዳንዱ ወደቅሁ፣ በአንዳንዱ ተረፍኩ። የወደቅሁት ያ የመቅደሱ በር ፍርሃት በጠፋኝ ጊዜ ነው። እናቴ ጠባቂ ለምናልኝ ነበር፤ ጠባቂው በወንጭፍ ወፍ የሚያባርር የእስላም ገበሬ ሆኖ ይመጣል ብላ ግን ያሰበች አይመስለኝም።

ጎልማሳው ጥንቅሹን ገዝቶ አንዷን ልጦ ዘረጋልኝ። «ይቅመሱ እንጂ ጋሼ፣ ማን ያይዎታል?» አለኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ይኸኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጎላ አድርጎ ሳለ። እኔም ሳላስበው ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ።