እሳቱና ማረሻው

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት «ሁለት» የሚለው ቃል ይፈራ ነበር። በሬ ሁለት ነው፣ ዓይን ሁለት ነው፣ ይህ ምንም አይደል። ስለ ክርስቶስ ሲወራ ግን «ሁለት» ያለ ሰው ከአያቴ ቁጣ አያመልጥም።

አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው ድቁና ተቀብለው ኋላ እርሻ የያዙ የቀወት ገበሬ ነበሩ። የቆላው ሙቀት ቤት ስለማያስቀምጥ አመሻሽ ላይ ግቢ ወጥተን፣ እሳቸው የማሽላ እሸት በፍም እየጠበሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታምራት የምንጠብቀው ጅቡንና ቀበሮዋን ነው፤ የአባባ ተረት ግን ከየትም ተነስቶ ክርስቶስ ላይ ያርፋል።

አንድ ምሽት ጫፉ የጎበጠ ማረሻ ሊያቀኑ ፍሙ ውስጥ ከተቱት። ቀልቶ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ቢነካሽ የሚያቃጥልሽ ብረቱ ነው እሳቱ?»

«ሁለቱም» አልኩ።

«እሰይ የኔ መናፍቅ!» የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። «አንድ በይ። ብረቱ ብረትነቱን አልተወም፣ እሳቱም እሳትነቱን። ግን ተዋሕደዋል። እስቲ ለይተሽ አሳዪኝ?»

መዶሻው ማረሻው ላይ ሲያርፍ ያየው ታምራት ግን «ታዲያ ሲመታ ማንን አመመው?» አለ።

አባባ መዶሻውን አስቀመጡ። «የሚጎብጠው ብረቱ ነው፤ እሳቱ አይጎዳም። ግን ጥሎት አይሸሽም። መስቀል ላይም ሆነ መቃብር ውስጥ መለኮት ከሥጋው ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልተለየም» አሉት። ያ «አይሸሽም» የሚሉት ቃል ከተረቱ ሁሉ በልጦ ሆዴ ገባ። ብቻዬን መንገድ ስሄድ እሱን እያልኩ ነበር የምሄደው።

አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ታምራት እዚያ ይነግድ ነበር። አልተመለሰም። ሬሳውንም አላገኘን፤ እንዲያው ለቅሶ ተቀመጥን። አባባ ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። ግራ ቢገባኝ አንድ አመሻሽ እንደ ድሮው ፍም አቀጣጥዬ ማረሻውን ከተትኩት። ቀልቶ ሳወጣው «አባባ፣ እሳቱ አይሸሽም ብለውን አልነበር?» አልኳቸው።

ብረቱ ጠቁሮ እስኪበርድ አዩት።

«ከሥጋው አልተለየም ልጄ» አሉ። «ከእኛስ?»

ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩም። በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ሰው በሽታ ነው አለ፣ እኔ ግን ተስፋ መቁረጥ እንደገደላቸው አውቃለሁ። እኔም ብሆን ሃይማኖቴን አልካድኩም። ዛሬም «አንድ» እላለሁ፣ በስቅለት ከሰው ጋር እሰግዳለሁ። ብቻ «ለምን ተውኸኝ» የሚለው ሲነበብ የታምራት ድምፅ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት ያቅተኛል።

ማረሻው አሁን ሸዋሮቢት በተከራየሁት ቤት፣ በሩ ጥግ ተቀምጧል። በቀደም የታምራት ልጅ አንስቶ አገላበጠው።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

የእሳቱን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አባቱ የጠየቀውን እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ።

«ማረሻ ነው» አልኩት።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?»

«ብረት ስለሆነ ነው።»