የሽጉጤ ሁለት ማቀዝቀዣዎች

ሽጉጤ በደቡብ አፍሪካ፣ በካትሌሆንግ፣ ስፓዛ የምንላትን የሰፈር ሱቅ ከከፈተ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የአጎቱን ልጅ እዮኤልን ከሆሳዕና ያስመጣው፣ ንግዱንም ያስተማረው እርሱ ነው። በአገራችን ልጆች ዘንድ አንድ ደንብ አለ፦ ባለሱቆች ሁሉ ዕቃቸውን ከጅምላ መደብር በአንድ መኪና ያስጭናሉ፤ መኪናውም ጎህ ሲቀድ በየደጃፉ እየቆመ ያራግፋል።

እዮኤል ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ሽጉጤ መረቀው። እዮኤል ባለመስታወት ማቀዝቀዣ በገዛ ጊዜ ግን የሽጉጤ ፊት ጠቆረ፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ገዛ። እዮኤል ግድግዳውን ቀለም ቀባ፤ ሽጉጤ ጣሪያውን ጭምር አስቀባ። በመጨረሻም «ዕቃዬ ከእርሱ ዕቃ ጋር አይጫንም» ብሎ ከጋራው መኪና ወጣ። ለብቻው የተከራየው መኪና አርፍዶ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ ዳቦ የሚገዛው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ነው። እዮኤልም አልዳነም፤ የጋራው መኪና አልሞላ እያለ በየቀኑ መምጣቱን ተወ። ቅናት የሰውን ዓይን በጎረቤት ደጃፍ ላይ ስለሚተክል፣ ሽጉጤ የገዛ መደርደሪያው ባዶ መሆኑን አላየም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጁ ፅናት ለክፍሏ የምታቀርበውን የታሪክ ንግግር እንድሰማላት ለምናኝ በሱቁ ተቀምጬ ነበር።

«ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓውያን አብዛኛውን ዓለም ይገዙ ነበር» ብላ ጀመረች። «ግን ይቀናኑ ነበር። ጀርመን የጦር መርከብ ስትሠራ እንግሊዝ የበለጠ ትሠራለች...»

«ጥሩ አደረገች» አለ ሽጉጤ ከባንኮኒው ኋላ።

«አባዬ፣ አታቋርጠኛ! ከዚያ ተዋጉ፤ አራት ዓመት ተላለቁ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ ከነጓደኞቻቸው። ግን እነርሱ ሲዋጉ ብዙ ገበያቸውን አሜሪካና ጃፓን ወሰዱባቸው። ህንዱም ግብፁም የጌቶቹን ጉድ አይቶ ‹በቃን› አለ።»

በዚህ መካከል ጎጎ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት ደንበኛ በደጃፉ አለፉ። በእጃቸው በታክሲው መናኸሪያ አጠገብ የተከፈተው ሱፐርማርኬት ከረጢት ነበር፤ ዳቦም ይታያል።

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ!» አሉ እየሳቁ። «ሁለት ፍሪጅ፣ ዳቦ ግን የለም! ማዶ ያለው ወንድምህም ያው ነው።»

ሽጉጤ ከረጢቱን እስኪርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ እዮኤል ሱቅ ገባ፤ እኔና ፅናትም ተከተልነው።

«ሰኞ» አለ፣ እዮኤልን ሳያይ፣ «ለእኔም ዳቦ ይጫንልኝ።»

«ይጫናል፣ ጋሼ» አለ እዮኤል። «ሦስተኛ ፍሪጅ ካልጨመርክበት።»

ሽጉጤ አልሳቀም። መዳፉን በእዮኤል ማቀዝቀዣ መስታወት ላይ አሳረፈ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ይሄ ነገር ከእኔዎቹ የበለጠ ያቀዘቅዛል እንዴ?»