ጎማ ነፊው ሲተነፍስ

ወንድሜ ጎሚስታ ነው። የተነፈሰ ጎማ ሲያይ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል፤ ሥራ መጣ ማለት ነዋ! ታላቅ እህቱ ነኝና ባሾፍበት የሚቆጣኝ የለም።

ከዓመታት በፊት ግን የጭነት መኪና ጎማ አጠገቡ ፈንድቶ አብሮት የሚሠራውን ጓደኛውን ገደለበት። እሱን አንዲት ጭረት እንኳ አልነካችው። "ተረፈ" አልን። ምን ተረፈ! በር በኃይል ሲዘጋ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ በቅዠት እየጮኸ ይነቃል። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ የጀመረው መጠጥም ውሎ አድሮ ጌታው ሆነ። እኛ ደግሞ "ሰካራም" አልነው። ምላስ አጥንት ባይኖረው አጥንት ይሰብራል፣ ከሰባሪዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ።

አምና የልጅ ልጁ ልደት ላይ ፊኛ ፈነዳ። ወንድሜ ወጥቶ ሄደ፤ ከቀናት በኋላ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ አነሳነው።

ከዚያ ሕክምና ገባ። መጠጡን ሲተው ቅዠቱ ባሰበት፤ "ይሄማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው" ብዬ ተቆጣሁ። የምታማክረው ባለሙያ ግን "መጠጡ ክዳን ነበር፣ ሲነሳ የሚፈላው ታየ። ሁለቱን አብረን ነው የምናክመው" አለችኝ። ወደሱም ዞር ብላ፦

"ጋሼ፣ እስቲ የሆድዎን ይተንፍሱ።"

"ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን የተነፈሰ ስነፋ ኖሬ፣ ዛሬ እኔኑ ተንፍስ ትይኛለሽ?"

በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ፤ ስንት ዘመን ያልሰማሁት ሳቅ! በዚያው ሳቅ መሃል የሟቹን ጓደኛውን ስም ጠራና አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄደ ጥቂት በጥቂት ተነፈሰ።

ዘንድሮም ልደቱ ደረሰ። የሕፃኗ እናት፣ የወንድሜ ልጅ ማለት ነው፣ "ፊኛ የሚባል ነገር በዚህ በር አይገባም!" ብላ አወጀች። ሕፃኗ አለቀሰች። በከረሜላ ባባብላት "ፊኛ!" ሆነ መልሷ።

"ወይ ፊኛው ወይ እኔ ማለት ነው?" አለ ወንድሜ።

በልደቱ ቀን መኪናውን እስከ ጣሪያው ፊኛ ሞልቶ ከች አለ። በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ነፍቷቸው! የጎማ ሰው የፊኛ ልክ የት ያውቃል? ተወጥረው ተወጥረው ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ።

"አባዬ፣ አብደሃል?" አለች ልጁ።

"ግማሾቹ እጄ ላይ ፈነዱ። በመጀመሪያው ሮጥኩ። ኋላ ኋላ ግን ቆምኩ። የምታማክረኝ ልጅ እንደዚያ ነው ያለማመደችኝ።"

ሕፃኗ አንዱን አቅፋ ስትሮጥ ፊኛው ከበሩ እጀታ ጋር ተላተመ። ጧ! የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። በቃ፣ ሊወጣ ነው አልኩ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አየር ሳበ፣ ቀስ አድርጎም አስወጣ።

ሕፃኗ የፊኛውን ቅዳጅ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። "አያቴ፣ አንተም ተነፈስክ?"

"ተነፈስኩ" አለ። "በይ ሌላ አምጪ።"

ይህን ሁሉ ያየሁት ከየት ሆኜ መሰላችሁ? ከጠረጴዛው ሥር። በድንጋጤ መቼ እንደገባሁ እንጃ! ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

"እትዬ፣ በይ ውጪ። አንቺም ተንፍሺ።"