አራባ ያልጻፈችው ጥያቄ

አራባ ኳንሳ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ላይ የሚቀድማት ቃል "ማነው እንዲህ ያደረገው?" የሚል ነበር። ያደገችው በጋና የባሕር ዳር ከተማ በሴኮንዲ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ማረፊያ ከፍ ብሎ በነበረው ሰፊ ግቢ ነው። የግቢው ሴቶች ጥያቄዋ ሲሰለቻቸው "ሂጂና ባሕሩን ጠይቂው!" እያሉ ያባርሯት ነበር፤ እሷም እውነት መስሏት ትሄድ ነበር። ያ ግቢ ዛሬ ግንቡን ጨዋማ ነፋስ በልቶት ግማሹ ወድቋል። ያኔ ግን ስንቱ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ በር፣ ኋላ ደግሞ በአንድ ስልክ ይኖርበት ነበር።

ስልኩ የማሜ ኤኩዋ ነው። የግቢው ታላቅ ሴት እሳቸው ናቸው፤ 'ማሜ' በዚያ አገር እናት ማለት ነው፤ አራባንም እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስልኩ መስኮታቸው ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያነሳዋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል።

አራባ አድጋ የስልክ አፕ መሥራት ተማረችና የሰፈሩ እናቶች የሚገላገሉበት ጤና ጣቢያ ሥራ ሰጣት። የሠራችው አፕ ቀጠሮ ያስታውሳል። የምርመራ ውጤቷን ማየት የፈለገች ሴት ደግሞ አንዲት ምልክት ስትነካ፣ የጣቢያው ድረ ገጽ እዚያው አፑ ሆድ ውስጥ፣ በትንሽ መስኮት ይከፈትላታል። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጽፋ ትገባለች፤ በቃ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሜ ኤኩዋ አስጠሯት።

"ያ ያንቺ ነገር የሰው ሆድ ከፍቶ ያሳያል" አሏት፣ ገና ሳትቀመጥ።

"ምን አሉኝ ማሜ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ! የልጅ ልጄን የክትባት ቀን ልይ ብዬ ብከፍተው፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቀኝ የቤንትሲዋን ገጽ ዘረገፈልኝ። አርግዛለች።"

አራባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤንትሲዋ ዓሣ በማጨስ የምትተዳደር፣ አርባ ዓመት ያለፋት የግቢው ሴት ናት። ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ገና ከጅምሩ ተነግሮ፣ ግቢው ዘፍኖላት፣ ሁለቴም ወርዶባታል። በዚያ አገር ድሮም ቢሆን ሆድ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር ድረስ ስሙ አይጠራም፤ ቀድሞ የጠራው ሰው ያባርረዋል ይባላል። ቤንትሲዋም ይህ የመጨረሻ ዕድሌ ነው ብላ ለማንም ሳትተነፍስ ነበር ጤና ጣቢያ የምትመላለሰው። የደም ግፊቷ ከፍ ይላልና ክትትሉ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ አዋላጇ አጥብቃ ነግራታለች። ገጿ መታየቱን ካወቀች ግን እግሯ እዚያ አይደርስም።

"ሌላ ሰው አየው?"

"የት አይቶት! ዓይኔን ጨፍኜ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ስልኩ የት ሄደ ሲሉኝ፣ ታሟል አልኳቸው።"

"ስልኩ ታሟል?"

"ታዲያ ምን ልበል፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል ልበል? ይልቅ ሴቶቹ ከገበያ ሳይመለሱ ቶሎ በይ።"

አራባ መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠውን የቤንትሲዋን የይለፍ ቃል አጠፋች። ግን ማን አስቀመጠው? እሷ እንዲህ ያለ ነገር ጽፋ አታውቅም። ስልኩን መልሳ ሰጠቻቸው።

"እስቲ የልጅ ልጅዎን ገጽ እንደወትሮው ይክፈቱልኝ።"

ማሜ ኤኩዋ መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ። ወዲያው ከታች አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፦ "የይለፍ ቃልዎን ላስቀምጥልዎት?" ከሥሩ "አዎ" እና "አይ"። አሮጊቷ ዓይናቸውን ሳያሹ "አዎ"ን ተጫኑ።

"ማሜ! ለምን አዎ አሉት?"

"በአክብሮት ጠየቀኛ።"

"አይ የሚልም እኮ አለ።"

"አይ?" መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ፣ ከገበያ ስመለስ አንዱ 'ሸክሙን ልያዝልዎት' ቢለኝ ፊቱ ላይ 'አይ' ልለው ነው? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ? 'እግዜር ይስጥልኝ፣ ደርሻለሁ፣ ይቅርብህ' ነው የሚባለው። እሱን የሚል የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ!"

አልነበረም። ለቤንትሲዋም አልነበረላትም፤ እሷ ደግሞ ለውሻ እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ናት፤ እሷም 'አዎ' ብላዋለች ማለት ነው።

አራባ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንሿን መስኮት ተሠርታ ያገኘቻት ከሌሎች ነበርና የሠሪዎቹን መመሪያ ታነብ ጀመር። መስኮቷ ለካ ከነአመሏ ነው የመጣችው። የአፑ ባለቤት ካልከለከላት በራሷ ሥልጣን ትጠይቃለች። ባለቤቱ ከፈለገ ግን ከመጠየቋ በፊት ጥያቄውን ለእሱ ታስረክባለች፤ እሱም ሊያስቀረው ይችላል፣ ወይም በራሱ አነጋገር ሊጠይቅ ይችላል።

"በእኔ ስም ስትጠይቅ ኖራለች በሉኛ!" አለች፤ መናደዷም መገረሟም አንድ ላይ መጣ።

ጨርሶ ዝም ማሰኘቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን የራሷ ስልክ ያላትና የይለፍ ቃሏን የምትረሳ ሴትም አለች፤ ለእሷ ቢቀመጥላት ደግ ነው። አራባ ብዕር አነሳች፣ አስቀመጠች።

"ማሜ፣ አንድ ጨዋ እንግዳ መጥቶ ዕቃዎን ላስቀምጥልዎት ቢል፣ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?"

"መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ይጠይቃላ።"

አራባ ሳቀችና እሱኑ ጻፈች፦ "ይህን ስልክ ሌላ ሰውም ያነሳዋል?" አዎ የተባለ እንደሆነ ምንም አያስቀምጥም፤ ገጹም ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል። ስልኩ የብቻዋ ለሆነች ሴት ግን "ላስቀምጥልዎት?" ይላል፤ መልሱም "እሺ፣ ያስቀምጡልኝ" ወይም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅር" ነው። ማሜ አሁን ያስቀመጡትንም አጥፍታ፣ ጤና ጣቢያው እስኪያየው ድረስ በዚያ በአንድ ስልክ ላይ ጫነችው።

አመሻሽ ላይ ቤንትሲዋ የዓሣ ጭስ እየሸተተች መጣች።

"ማሜ፣ ስልኩ ተሻለው?"

"ድኗል። አራባ አከመችው።"

ስልኩን ይዛ ወደ ውኃው ጋን ጥግ ሄደች። አራባ ከቅጠሉ የፈታችውን ዶኮኑ፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሉን፣ በበርበሬ እያጠቀሰች የምትበላ መስላ በጎን ታያት ነበር።

"ይሄ ነገር ጥያቄ አበዛ" አለች ቤንትሲዋ።

"ምን አለሽ?" አሉ ማሜ ኤኩዋ፣ ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ።

"ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳዋል ወይ ይላል።"

"እንዴ፣ እውነቱን ንገሪዋ! ማንን ፈርተሽ?"

ቤንትሲዋ ግቢውን በዓይኗ ዞረችው፦ የተሰጡትን ልብሶች፣ የሚንጫጩትን ሕፃናት፣ ቧንቧው ሥር የተኮለኮሉትን ሴቶች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። ያነበበችውን አንብባ ስትጨርስ ስልኩን ደፉ ላይ መለሰችው። አራባ ተሽቀዳድማ ከፈተችው። ገጹ ባዶ ነበር፤ እንደ አዲስ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

ቤንትሲዋ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀጠሮ አልቀረባትም። ሆዷ ሽርጧን መግፋት ሲጀምር፣ ዓሣ ማጨሻው ምድጃ ዳር ሴቶቹን ሰብስባ በገዛ አፏ ነገረቻቸው። ከሁሉም በላይ የጮኹት ማሜ ኤኩዋ ነበሩ።

"ምን?! ቤንትሲዋ! እኔ አሮጊቷ ዓይኔ ታውሮ ነው እንዴ? አንድ ግቢ እየኖርን!" እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ።

አራባ ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።